ባንኮችን ያተረፈ የሬዲዮ ንግግር

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 12 ቀን 1933፣ እሑድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከዋይት ሐውስ በሬዲዮ ለሕዝባቸው ንግግር አደረጉ። ሥልጣን ከያዙ ገና ስምንት ቀናቸው ነበር። የአገሪቱ ባንኮች በሙሉ በእሳቸው ትእዛዝ ተዘግተዋል።

ለምን ተዘጉ? ከ1930 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ባንኮች ከስረው ነበር። በዚያን ጊዜ የፌዴራል መንግሥቱ ለቁጠባ ዋስትና ስለማይሰጥ፣ ባንኩ ሲከስር ደንበኛውም ጥሪቱን ያጣ ነበር። በዚህ የተነሳ “እገሌ ባንክ ሊወድቅ ነው” የሚል ወሬ በተነዛ ቁጥር ሰዉ ገንዘቡን ለማውጣት ይሰለፋል። ባንክ ደግሞ የተቀበለውን ገንዘብ አብዛኛውን ስለሚያበድር፣ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ለሁሉም በአንድ ቀን መክፈል አይችልም። ፍርሃቱ ብቻውን ይጥለዋል።

ኮንግረስ ማርች 9 ቀን አዲስ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት መንግሥት ባንኮችን መርምሮ ደህና የሆኑትን ብቻ ይከፍታል፤ ማዕከላዊ ባንኩም ተጨማሪ ጥሬ ገንዘብ ያቀርባል። ሆኖም ባንኮቹ ሲከፈቱ ሕዝቡ ገንዘቡን ለማውጣት ከጎረፈ ይህ ሁሉ ከንቱ ልፋት ይሆናል።

ሩዝቬልት ንግግራቸውን የጀመሩት ከሀ ሁ ነው። ሰው ባንክ ያስገባው ገንዘብ ካዝና ውስጥ ተቆልፎ እንደማይቀመጥ፣ በብድርና በሌላ መንገድ ሥራ ላይ እንደሚውል አስረዱ። ቀጥለው የትኞቹ ባንኮች ሰኞ እንደሚከፈቱ፣ የትኞቹ ቆየት እንደሚሉና ምክንያቱን ተናገሩ። ዳግም በተከፈተ ባንክ ያለ ገንዘብ ፍራሽ ሥር ከተደበቀው የበለጠ አስተማማኝ መሆኑንም አረጋገጡ። ንግግሩ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። 60 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳዳመጠው ይገመታል።

ሰኞ ባንኮቹ ሲከፈቱ፣ በብዙ ከተሞች ሰዉ የተሰለፈው ያወጣውን ገንዘብ ለመመለስ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ከየባንኩ ወጥቶ ከተደበቀው ጥሬ ገንዘብ ሁለት ሦስተኛው ያህል ተመለሰ። የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያም ማርች 15 ሲከፈት በአንድ ቀን ከ15 በመቶ በላይ አሻቀበ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ለቁጠባ ዋስትና የሚሰጥ የፌዴራል ሕግ ጸደቀ።

ሩዝቬልት እስከ 1944 ድረስ ወደ 30 የሚሆኑ እንዲህ ያሉ የሬዲዮ ንግግሮችን አድርገዋል። ሬዲዮ የመሪውን ማብራሪያ ወሬ ሳይቀድመው በአንድ ሰዓት በየቤቱ ማድረሱ ትልቅ ነገር ነው። ያም ሆኖ ድምፅ ብቻውን ባንክ አያድንም። ሕዝቡ ያመነው ቃሉን የሚደግፍ ሕግና ምርመራ ከኋላው ስለነበር፣ የተነገረውም ስለገባው ነው። በችግር ጊዜ ማይክሮፎን ፊት የሚቀርብ ባለሥልጣን ሁሉ ከዚህ ሊማር ይገባል፤ አስቀድሞ ሥራውን ይሥራ፣ ከዚያ ለሕዝቡ በግልጽ ያስረዳ።