በጋውን የሚተኙ አበቦች፦ የደጋችንን ኮረቶች በጓሮ ስለ መትከል

ከአውሮፓ የመጣ ዘመድ የቱሊፕ ኮረት በስጦታ ቢያመጣና ትክል ድንጋይ በምትባለው ከተማ ጓሮ ውስጥ ቢተከል፣ በመጀመሪያው ዓመት ምናልባት ያብብ ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ እየኮሰመነ ይጠፋል። ጥፋቱ የአትክልተኛው አይደለም። ቱሊፕና ናርሲስ የሚያብቡት አፈሩ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ሳያቋርጥ ሲቀዘቅዝላቸው ነው፤ ቅዝቃዜውም ከ9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊሆን ይገባል። ዳባትና ደባርቅ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ግን ሲነጋ ፀሐዩ መሬቱን ያሞቀዋል። ኮረቱ በተቀበረበት በአንድ ስንዝር ጥልቀት ላይ ደግሞ የሌሊቱ ውርጭ እምብዛም አይሰማም። ኮረቱን በፍሪጅ አቆይቶ መትከል ይቻላል፤ በየዓመቱ እንዲህ እየተለማመጡ እንዲያብብ ማድረግ ግን ድካም ነው።

አገራችን የራሷ ኮረት አበቦች እያሏት ይህን ሁሉ መድከም አያስፈልግም።

ኮረት ማለት ተክሉ ክፉውን ወራት የሚያልፍበት ስንቅ ነው። በአውሮፓ ክፉው ወራት በረዶ ነው፤ በእኛ ደጋ ደግሞ ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚዘልቀው ደረቅ በጋ ነው። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ከላይ ምንም አይታይም፣ ሕይወቱ ግን ከመሬት በታች አለ። ይህን ጭላዳ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ሰሜን ተራራ ላይ ሣሩ ሲደርቅ በእጁ አፈሩን እየፈለፈለ ሥርና ኮረት ይበላል።

ከእነዚህ አበቦች በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነው አንድ ግላዲዮለስ ነው። ከኢትዮጵያ ጀምሮ ወደ ደቡብ እስከ ማላዊና ሞዛምቢክ ድረስ ይበቅላል፤ ውሃ የሚያንጠባጥብ ገደል ይወዳል። ከ1837 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 ዓድዋ ላይ ያረፈው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ከላካቸው ናሙናዎች ውስጥ ይህ አበባ ነበረበት፤ ሆክሽቴተር የተባለው የአገሩ ሰው በ1844 ለሳይንስ አስተዋወቀው። በ1932 ደግሞ ኬልዌይ የተባለ የእንግሊዝ ችግኝ አፍይ ሙሪኤል በምትባል ሴት ስም ሰየመው፤ እስካሁንም ስሙ ግላዲዮለስ ሙሪኤሌ ነው። ዛሬ የሆላንድ ገበሬዎች ኮረቱን በብዛት እያመረቱ ለዓለም ይሸጣሉ። ለንደን ውስጥ በየሱቁ የሚገኘውን አበባ ጎንደር ላይ በጓሮው ያለው ሰው ማየት ብርቅ መሆኑ ያሳዝነኛል።

አበባውን ቀርቦ ላየው ሰው ግን ፍቅሩ ወዲያው ይገባዋል። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል፤ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ያለ ነው። ስድስት ነጭ ቅጠላ አበባዎች አሉት፤ ጉሮሮው ላይ የወይን ጠጅ ጥቁረት ያለው ምልክት አለ። ከነጩ ጀርባ ቀጭንና ረጅም ቱቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ ማሩ ከዚያ ቱቦ ሥር ስለሆነ ንብ አትደርስበትም። የሚደርስበት ምላሱ ረጅም የሆነው ትልቁ የእሳት ራት ነው። ስለዚህም አበባው መዓዛውን የሚያፈሰው ሲመሽ ነው፤ መስኮት ወይም በረንዳ አጠገብ የሚተከለውም ለዚህ ነው።

አተካከሉ ቀላል ነው። ኮረቱ ዝናቡ ከመጽናቱ በፊት፣ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ፣ 10 ሳንቲሜትር ያህል ጠልቆ፣ አንዱ ከሌላው ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ተራርቆ ይተከላል። ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ በጊዜው የተተከለ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ይደርሳል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ውሃ ያቁራል፤ መደቡን ከፍ አድርጎ ቀይ አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ መቀላቀል ያስፈልጋል። ትኩስ ፍግ ኮረቱን ያበሰብሰዋል። አበባው ሲያልቅ ቅጠሉ አይቆረጥ፤ የከርሞውን ስንቅ የሚያዘጋጀው እሱ ነው።

ኮረቱ በበጋ ውሃ አይወድም። ጎመንና ጌሾ ዓመቱን ሙሉ በሚጠጣበት መደብ ዳር የተተከለ ኮረት በእንቅልፉ ወራት በስብሶ ያልቃል። ስለዚህ በጋ ላይ ባልዲ የማይደርስበት ጥግ ይመረጥ። እንዲህ ያለ ጥግ ከሌለ፣ ቅጠሉ በጥቅምትና በኅዳር ሲደርቅ ኮረቱን ቆፍሮ በሰፌድ ላይ ማድረቅ፣ ከዚያም ቅርጫት ውስጥ በጭድ መሃል አድርጎ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ማቆየት ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ይታያል፦ የተተከለው አሮጌ ኮረት ተጨማድዶ ከሥር ቀርቷል፣ በላዩ ደግሞ አዲስ ኮረት ተቀምጧል፤ ዙሪያውን እንደ ሽምብራ ያሉ ጫጩት ኮረቶች ከብበውታል። ጫጩቶቹ ለየብቻ ከተተከሉ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ያብባሉ። ጃርትና ፍልፈል ካለ መደቡን ከሥሩ በሽቦ ወንፊት መሸፈን ዋጋ አለው።

ሌላው ዓይነት ስካዶክሰስ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ሲያረሰርሰው ቅጠሉን ሳይጠብቅ አንድ ዘንግ ብቻ አውጥቶ፣ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ቀይ አበባ ይሸከማል፤ አንዱ ኳስ ከመቶ በላይ ጥቃቅን አበቦች ሊኖሩት ይችላል። ጥላ ስለሚወድ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ያሉ ትልልቅ ዛፎች ሥር ይስማማዋል፤ በጓሮም ከዛፍ ሥር ይተከል። ዘሩ ከደረቀ አይበቅልም፤ ቀይ ፍሬው እንደበሰለ ወዲያው ይዘራ። ክሪነም የተባለው ደግሞ ሰፊ ነጭ አበባ ያለው፣ ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ የሚወድ ነው።

ስለ መርዛቸው በግልጽ መናገር አለብኝ። ገበሬው ከእነዚህ አንዳንዶቹን የጅብ ሽንኩርት የሚላቸው በከንቱ አይደለም፤ ስካዶክሰስና ክሪነም በአፍ ከገቡ ይመርዛሉ። ከሁሉ የከፋው በሣር ሜዳ ላይ ከመሬት እኩል የሚያብበው የቆልኪኩም ወገን ነው፤ በውስጡ ያለው ኮልቺሲን ሐኪም ለሪህ የሚያዘው መድኃኒት ቢሆንም፣ መጠኑ ጥቂት ካለፈ ይገድላል። ስለዚህ ማንኛውም የአበባ ኮረት ከወጥ ቤት ሽንኩርት ጋር አይቀመጥ፤ ሕፃን በሚደርስበት ቦታም አይተው።

በበለጠ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባ ሲሄድ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን ይጎብኝ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያና የኤርትራ እሬቶችና ሊሊዎች መጽሐፍም አለ።

የመጨረሻው ልመናዬ ከገደልና ከሜዳ ኮረት እንዳይነቀል ነው። ማረሻው እየሰፋ፣ ከብቱ ዘር ሳያፈሩ እየጋጣቸው፣ እነዚህ ተክሎች ቦታቸው እየጠበበ ነው። ሥሩ ከተነቀለ የዚያ ቦታ አበባ አለቀ ማለት ነው። በጥቅምት የደረቀውን የግላዲዮለስ ዘር ከየአንዱ ጥቂት ጥቂት ይውሰዱ፣ የቀረውን እዚያው ይበትኑት፣ በሰኔም በጓሮዎ ይዝሩት።