ጠገራ ብር፦ ከምጽዋ ወደብ እስከ ዳንግላ ገበያ

ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራም ገደማው ንጹሕ ብር ነው፣ ቀሪው መዳብ። በአንድ ገጹ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር ተቀርጾበታል። ንግሥቲቱ በ1780 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሞተች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ግን ያንኑ 1780 እንደያዘ ወጣ። ኦስትሪያ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት አልነበራትም። ገንዘቧ ግን ከትሪየስት ወደብ እየተጫነ በግብፅና በቀይ ባሕር በኩል ምጽዋ ይራገፍ ነበር፤ ከምጽዋም በአድዋና በጎንደር ነጋዴዎች እጅ ጎጃም ገብቶ አገው ምድር፣ ዳንግላ ገበያ ድረስ ይዘልቅ ነበር። ሌላው መንገድ በመተማ በኩል ከሱዳን የሚመጣው ነበር። ሰሙን፣ ቆዳውን፣ ቡናውንና ከምዕራቡ ቆላ የሚወጣውን ወርቅ የሚገዛው ይኸው ብር ነበር።

ብዙ የውጭ ተጓዦች ሕዝባችን ጠገራ ብርን የሙጥኝ ያለው ከልማድና ካለማወቅ ነው ብለው ጽፈዋል። ለዚህ የሚያቀርቡት ማስረጃ ነጋዴው ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ልብስ ላይ ያለውን ዕንቁ መቁጠሩን፣ ከሥር ያሉትን ፊደላት መፈለጉን፣ ያለቀና የተፋቀ ሲያገኝ መመለሱን ነው። እኔ ከዚሁ ማስረጃ ተቃራኒውን እረዳለሁ። ባንክ በሌለበት፣ የንጥረ ነገር መመርመሪያ በሌለበት ገበያ፣ ቅርጹ ደምቆ የሚታይ ብር ያልተፋቀ፣ ያልተሸረፈ፣ ክብደቱ ያልጎደለ ብር ነው። ዕንቁ ቆጣሪው ነጋዴ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ዋጋ የሚሰጠውም ለመንግሥት ማኅተም ሳይሆን በእጁ ለያዘው ብረት ነው።

ጣልያን ይህን በራሷ ኪሳራ ተማረች። ምጽዋን በ1885 ይዛ፣ ኤርትራን በ1890 ቅኝ ግዛቷ ካደረገች በኋላ የንጉሥ ኡምቤርቶ መልክ ያለበትን ታለሮ አስመታች። ክብደቱ ከጠገራው እኩል ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር ግን 22.5 ግራም ብቻ ነው። ከመቶ ወደ 4 የሚጠጋ ጉድለት ማለት ነው። ደጋው ይህን ብር ሳይቀበለው ቀረ። አለማወቅ ቢሆን ኖሮ አዲስ የተወለወለው ብር ያሸንፍ ነበር።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ መመለስም ይገባዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ፓሪስ ያስመቱት ብር በክብደትም በንጽሕናም ከጠገራው አያንስም ነበር። ጣልያን በ1918 ያወጣችው፣ የሴት ምስል ያለበት ሁለተኛው ታለሮም እንዲሁ። ሁለቱም ግን ጠገራውን ከገበያ አላስወጡትም። እንግዲህ ጉዳዩ የብሩ መጠን ብቻ ከሆነ ለምን? መልሱ በመንገዱ ላይ ነው። የዳንግላ ነጋዴ የሚቀበለው ለዳንግላ ብቻ አይደለም፤ ነገ መተማ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ምጽዋ ላይ፣ የምጽዋው ነጋዴ ደግሞ ጅዳና የመን ላይ የሚቀበለውን ሰው ማሰብ አለበት። የምኒልክ ብር ከባሕሩ ማዶ የሚያውቀው አልነበረውም። የገንዘብ ጥቅሙ ቀጣዩ ሰው መቀበሉ ነውና፣ በተቀባዩ ብዛት ጠገራውን የሚስተካከል አልተገኘም።

ምንዛሬው የት ይወሰን ነበር? አንዱ ሚዛን ሎንዶን ነው። የብር ዋጋ እዚያ ሲወጣና ሲወርድ ጠገራውም ከሊሬና ከፓውንድ አንጻር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። በ1920 መጀመሪያ አንድ አውንስ ብር ከ89 ፔንስ በላይ ደርሶ ነበር፤ በ1931 ወደ 12 ፔንስ ወረደ። አገው ምድር ላይ ይህ የአቡጀዲ ዋጋ ሆኖ ይታያል፦ ጨርቁ በወርቅ ገንዘብ ስለሚገዛ ብር ሲረክስ ለአንድ ጣቃ የሚከፈለው ጠገራ ይበዛል። ሁለተኛው ሚዛን ወቅት ነው። በበጋ ሲራራ ነጋዴ ሲንቀሳቀስ፣ ቡናና ቆዳ ሲገዛ፣ ጠገራው ይፈለጋልና ከብረቱ ዋጋ በላይ ይወጣል፤ ክረምት ገብቶ ወንዞች ሲሞሉ ይቀዘቅዛል። ሦስተኛው አሞሌ ነው። ከአፋር ሜዳ የሚቆረጠው ጨው የጠገራው ዝርዝር ሆኖ ሲያገለግል፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይወደዳል፤ ትግራይ ላይ አንድ ጠገራ የሚያመጣው አሞሌ ጎጃም ሲደርስ ቁጥሩ ይቀንሳል። ነጋዴው እነዚህን ሁሉ በቃሉ ያሰላ ነበር። በእኔ ግምት ይህ ዕውቀት ከማንኛውም የወደብ ባንክ ጸሐፊ ዕውቀት አያንስም።

ይህ ሁሉ ሲባል ጠገራው ጉዳት አልነበረውም ማለት አይደለም። በርበሬ ለመግዛት ለወጣች ሴት አንድ ጠገራ እጅግ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ አሞሌው ደግሞ በዝናብ ይሟሟል፣ ይሰበራል። ገንዘቡን የሚመታው ሌላ አገር በመሆኑ የመምቻው ትርፍ የሚቀረው ቪየና ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከቪየና የሚመጣው ሲቋረጥ ምጽዋም ደጋውም ብር አጠረው። የነጋዴው ጥንቃቄ ትክክል ነበር፤ ዋጋውን ግን አገሩ ከፍሏል።

ጣልያን በ1935 ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ የጠገራውን መምቻ ከቪየና ወስዳ ሮም ውስጥ መምታት ጀመረች። ሊሬን በዐዋጅ ልትጭን የነበረችው ያችው ጣልያን ናት። እንግሊዞችም በሎንዶን፣ ኋላም በቦምቤይ መቱት። በነሐሴ 1940 እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገባና ከዳንግላ በስተደቡብ ፋግታ ላይ ሲሰፍር ለአርበኞቹ ይዞ የመጣው ጠመንጃና ጠገራ ብር ነው። በየካቲት 1941 የጣልያን ጦር ከዳንግላና ከእንጅባራ ለቀቀ።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ1945 የራሱን የወረቀት ብር ሲያወጣ ይህን ታሪክ አልዘነጋም። ከወረቀቱ ጎን፣ ሕዝቡ ሽልንግ ያለው የ50 ሳንቲም ገንዘብ ከእውነተኛ ብር ተመታ፤ ገበሬው ወረቀቱን ለማመን በእጁ የሚመዝነው ነገር ያስፈልገው ነበርና።