የቀፎ ደባሎች

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚያቀና መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ ኮሶዬ ይደርሳል። እዚያ መሬቱ ድንገት ገደል ይሆንና ቆላው ከሥር ተዘርግቶ ይታያል። አገሩ ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ክረምቱም ጉምና ዝናብ አይለየውም። እንዲህ ባለ ቦታ ከጓሮው ቀፎ ያለው ሰው ብርዱን ብቻ አይፈራም። በብርድ የተዳከመ ቀፎ ደባል ይጠራልና፣ ዐይኑ ሁልጊዜ ከደባሉ ላይ ነው።

ደባሎቹ ብዙ ናቸው። አንዱ ማር ይሰርቃል፤ አንዱ ሰም ሰርስሮ ይበላል፤ አንዱ ንቧ ጀርባ ላይ ተሳፍሮ ከአፏ ይሻማል፤ ሌላው ገና ክንፍ ያላወጣውን እጭ በተዘጋ ክፍሉ ውስጥ ይመጠምጣል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ለአናቢ ከመድኃኒቱ በፊት የሚቀድመው መለየት ነው፤ ለመለየት ደግሞ ተባዩን በስም ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ከዕድሜው በየትኛው ጊዜ የት እንደሚደበቅ ማወቅ ያስፈልጋል።

ባለቤቷን ንብ ራሷን አስቀድሞ ማስተዋወቅ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ንቦች አካል ለክተው ከጎረቤት አገሮች ንቦች ጋር ካነጻጸሩ በኋላ የተለየች ዝርያ ናት አሏትና “አፒስ ሜሊፌራ ሲሜንሲስ” የሚል ሳይንሳዊ ስም አወጡላት። ስሙ ስሜንን ያስታውሳል። ጎንደሬ ግን ለንብ ያለው ክብር ከዚህ ቀድሞ የነበረ ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ገብተው የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳነው ከግቢው ተነሥቶ ያባረራቸው የንብ መንጋ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል።

ይህች ቁጡ ንብ ብዙውን ጠላቷን ራሷ ትመክታለች። ሲብስባት ደግሞ ቀፎውን ጥላ ትኮበልላለች። ለእሷ መዳኛ ነው፤ ለአናቢው ግን ባዶ ቀፎ ነው።

በደጋው በብዛት የሚታየው ባህላዊው ቀፎ ከቀርከሃ ወይም ከሌላ እንጨት እንደ በርሜል ተሠርቶ፣ በእበትና በጭቃ ተለስኖ፣ ከቤቱ ጣሪያ ሥር ወይም ከዛፍ ላይ የሚሰቀለው ነው። ርካሽ ነው፤ ብርድም ይከላከላል። ችግሩ ውስጡን ለማየት አለማስቻሉ ነው። የሰሙ እንጀራ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ፣ ሳይቆርጡ አውጥቶ መመርመር አይቻልም። የሽግግር ቀፎ ከላይ የተደረደሩ ጣውላዎች ስላሉት እንጀራውን አንድ በአንድ አንስቶ ለማየት ይመቻል። ዘመናዊው ቀፎ ደግሞ ፍሬም አለው። እ.ኤ.አ. በ1851 አሜሪካዊው ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ ንቦች አንድ ሳንቲ ሜትር የማትሞላ ክፍተትን በሰምም በሙጫም ሳይደፍኑ መተላለፊያ እንደሚያደርጓት ልብ ብሎ፣ በዚያች ክፍተት ላይ ተመሥርቶ ፍሬሙ የሚወጣና የሚገባ ቀፎ ሠራ። ዘመናዊ ቀፎ ሲመሰገን ብዙ ጊዜ የሚነሣው የማሩ ብዛት ነው። የንብን ሕመም ለሚከታተል ሰው ግን ትልቁ ጥቅሙ መከፈቱ ነው።

ባህላዊ ቀፎ ያለውም ቢሆን ፈጽሞ ዕውር አይደለም። የቀፎው አፍ ብዙ ይናገራል። ጠዋት ከአፉ በታች ተጥሎ የሚገኘው እጭ ነጭና እንደ ጠመኔ የደረቀ ነው? መሬት ላይ የሚዳክሩት ንቦች ክንፋቸው የተጨማደደ ነው? ከቀፎው ወለል ተጠርጎ የወጣው ብናኝ ውስጥ የሰም ፍርፋሪና ጥቁር ኩስ አለ? ጥሩ አናቢ ቀፎ ከመክፈቱ በፊት ይህን ያነባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የሰም ትል ሥራ ነው። እናቲቱ ግራጫ የእሳት እራት ናት። ማታ ማታ ገብታ ከእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። የሚፈለፈለው ትል በሰሙ ውስጥ እየሰረሰረ ይሄዳል፤ ባለፈበት ሁሉ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር ይተዋል። ትሉ በተለይ የሚወደው እጭ ያደገበትን ጠቆር ያለ አሮጌ እንጀራ ነው፤ እዚያ ውስጥ ከሰሙ ሌላ የእጮች ቅርፊትና የአበባ ብናኝ ስለሚያገኝ። ሲብስ ፍሬሙ በሙሉ ድር ብቻ ይሆናል። ብዙ ሰው “ንቤን የሰም ትል አባረረብኝ” ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ንቡ በረኃብ፣ በንግሥት ማጣት ወይም በሌላ በሽታ አስቀድሞ ሳስቷል፤ ጠባቂ ያጣውን እንጀራ የእሳት እራቷ ያዘችው። ብርቱ መንጋ ትሉን እየጎተተ ያወጣዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና ንቦቹ ሊሸፍኑት የማይችሉትን ትርፍ እንጀራ ማንሣት፣ ቀፎውን እንደ መንጋው ልክ ማጥበብና በችግር ወራት የስኳር ውኃ መመገብ ነው።

የተነሣው እንጀራ የት ይቀመጥ? ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ለሁለት ቀን ያህል በረዶ ቤት ቢያስቀምጠው እንቁላሉም ትሉም ያልቃል። ማቀዝቀዣ የሌለው ብርሃንና ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ አራርቆ ይሰቅለዋል፤ የእሳት እራቷ ጨለማና የታፈነ አየር ትወዳለችና። የድኝ ጭስም የቆየ ዘዴ ነው። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ድኝ ሲቃጠል ትሉና የእሳት እራቷ ይሞታሉ። እንቁላሉ ግን አይሞትም። ይህን ያላወቀ ሰው አንድ ጊዜ አጭሶ ዕቃውን ይዘጋና ከሳምንታት በኋላ ሲከፍተው ድር ያገኛል። የሚያውቀው እንቁላሉ የሚፈለፈልበትን ጊዜ ጠብቆ ደግሞ ያጨሳል፤ እንጀራውንም በደንብ ሳያናፍስ ወደ ንቦቹ አይመልስም። ጭሱ ለሰውም ሳንባ ክፉ ስለሆነ ሥራው ደጅ ላይ ነው።

ጉንዳን ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሌሊት ተሰልፎ ከመጣ በአንድ አዳር መንጋ ይፈጃል። የቀፎውን መቆሚያ እግሮች ያገለገለ የሞተር ዘይት በያዙ ጣሳዎች ውስጥ ማቆም፣ ዙሪያውን አመድ መነስነስ፣ ድልድይ የሚሆነውን ሣርና ቅርንጫፍ መቁረጥ፤ ነገሩ ይህ ነው። አመዱ ዝናብ ሲነካው ኃይሉን ያጣልና በክረምት ቶሎ ቶሎ መታደስ አለበት።

ትንሿ የቀፎ ጥንዚዛ የአፍሪካ ተወላጅ ናት። ጥቁር ቡናማ ናት፤ ርዝመቷ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክዳኑ ሲነሣ ከብርሃን እየሸሸች ወደ ጥግ ትሮጣለች። እ.ኤ.አ. በ1998 ፍሎሪዳ ውስጥ በተገኘች ጊዜ የአሜሪካ አናቢዎች ብዙ ቀፎ አጥተዋል፤ ትሏ ማሩን ስለሚያቦካው እንጀራው ይዝረከረካል። የአፍሪካ ንቦች ግን ከጥንት ያውቋታል። ጥግ ላይ አስጨንቀው፣ ዙሪያዋን በሙጫ አጥረው ያስሯታል፤ ዘብም ያቆሙባታል። የጥንዚዛዋ ድብቅ ዕድሜ ከቀፎው ውጪ፣ አፈር ውስጥ ነው፤ ትሉ ከቀፎው ወርዶ መሬት ገብቶ ነው ጥንዚዛ የሚሆነው። ስለዚህ ቀፎን እርጥብና ለስላሳ አፈር ላይ ከማቆም ፀሐይ የሚያገኘው ደረቅ መሬት ይሻላል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስተው ጥንድ እንምጣ። ንቧ ላይ የተጣበቀ ቀይ ቡናማ ነጥብ ታየ እንበል። የንብ ቅማል ነው ወይስ ቫሮዋ? የንብ ቅማል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ብራውላ፣ ክንፍ የሌለው ዝንብ ነው። ስድስት እግር አለው፤ ጀርባዋና ራሷ ላይ ይቀመጥና ስትመገብ ከአፏ ይቀማል። ደሟን አይመጥም፤ ጉዳቱም አነስተኛ ነው። ቫሮዋ ደግሞ የመዥገር ዘመድ ነው። ስምንት እግር አለው፤ ቅርጹ እንደ ሸርጣን ጠፍጣፋ ሆኖ ከርዝመቱ ይልቅ ስፋቱ ይበልጣል፤ ወርዱ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የእጅ ማጉያ መነጽር ያለው ሰው እግር ቆጥሮ ይለያቸዋል። በዚህ ልዩነት ላይ ብዙ ነገር የተንጠለጠለ ነው።

ቫሮዋ ከእስያ ንቦች ወደ ማር ንባችን ተሻግሮ ዓለምን ያዳረሰ ተባይ ነው። በአገራችንም በሰሜኑ ክፍል፣ በትግራይ፣ መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል። እናቲቱ እጭ ያለበት ክፍል በሰም ክዳን ሊደፈን ሲል ትገባለች፤ ከውስጥ ሆና ትወልዳለች፤ ከልጆቿም ጋር እጩን ትመገባለች። የክንፍ መጨማደድ የሚያመጣውን ቫይረስም ታዛምታለች። በተለይ የድንጉላን፣ ማለትም የወንዱን ንብ፣ እጭ ትመርጣለች፤ ድንጉላ ከእንቁላል እስከ መውጫው 24 ቀን ስለሚፈጅ፣ 21 ቀን ከሚፈጀው ከሠራተኛዋ ይልቅ ለመራባት ጊዜ ይሰጣታል።

ብዛቱን ለማወቅ ንቦቹን መግደል አያስፈልግም። ንግሥቲቱ አለመኖሯን አይቶ 300 ያህል ንብ ክዳኑ ወንፊት በሆነ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ማስገባት፣ የተፈጨ ስኳር መነስነስ፣ ጥቂት ቆይቶ ነጭ ሰሐን ላይ ማራገፍ ነው። ዱቄቱ ተባዩን ከንቧ ገላ ያላቅቀዋል፤ ሰሐኑ ላይ ይቆጠራል። ንቦቹም ዱቄት እንደ ለበሱ ወደ ቀፏቸው ይመለሳሉ።

ሕክምናው ላይ ንብ አናቢና በሌላ አገር በመስታወት ገንዳ ኮራል የሚያሳድግ ሰው ይመሳሰላሉ። ኮራልን የምትበላ ጠፍጣፋ ትል አለች። አሳዳጊው ኮራሉን በመድኃኒት ውኃ ውስጥ ሲነክረው ትሏ ትረግፋለች፤ ከሥሩ የለጠፈችው እንቁላል ግን አይነካም። ስለዚህ አሳዳጊው እንቁላሉን ፈልጎ ይፍቃል፤ በየጊዜውም ደጋግሞ ይነክራል። ብዙ አገር ለቫሮዋ የሚሠራበት ኦክሳሊክ አሲድም እንዲሁ ነው። ንቧ ላይ ያለውን ይገድላል፤ በሰም ክዳን የተደፈነውን ግን አይደርስበትም። ለዚህ ነው አናቢዎች እጭ የሌለበትን ጊዜ የሚጠብቁት፣ ወይም ንግሥቲቱን ለሳምንታት አግተው እጭ የሌለበት ጊዜ የሚፈጥሩት። የድንጉላ እጭ የሞላበትን እንጀራ ከነክዳኑ ቆርጦ ማውጣትም ያለ መድኃኒት ብዙ ተባይ ያስወግዳል። የአፍሪካ ንቦች ደግሞ በቫሮዋ የሚጎዱት ከአውሮፓ ንቦች ባነሰ መጠን ነው። ይህን ተፈጥሯዊ ብርታት በዘፈቀደ መድኃኒት ማበላሸት ትልቅ ጥፋት ይሆናል።

እዚህ ላይ ጦስኝ ይነሣል። በስሜን ደጋዎች የሚበቅለው ጦስኝ ዘይቱ ውስጥ ቲሞል አለ፤ ቲሞልም በዓለም ላይ ቫሮዋን ለማከም ከሚያገለግሉት አንዱ ነው። ሆኖም ሥራ የሚሠራው ተመጥኖና ተንኖ ነው። አየሩ ከ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲሆን በቂ አይተንም፤ በብርቱ ሙቀት ደግሞ ንቦቹን ያስለቅቃቸዋል። አንድ እቅፍ ጦስኝ ቀፎ ውስጥ መጎዝጎዝ ሽታውን ያሳምራል እንጂ ያንን ልክ አይተካም።

በኮሶዬ ዓይነት ብርድ የሚያሰጋው ሌላው ሕመም የጠመኔ እጭ ነው። ፈንገስ ነው። ንቦች እጫቸውን ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይጠብቃሉ፤ መንጋው ሲሳሳ ዳር ዳር ያለው እጭ ይበርደዋል፤ ፈንገሱም ያኔ ይበረታበታል። የሞተው እጭ ነጭ፣ አንዳንዴም ጥቁር ሆኖ እንደ ጠጠር ይደርቃል፤ ፍሬሙ ሲነቀነቅ ይንኳኳል። መድኃኒቱ ከፋርማሲ አይመጣም። ቀፎውን ወደ ፊት ትንሽ አዘንብሎ ውኃ እንዳይቋጥር ማድረግ፣ ከነፋስ ማስጠለል፣ አየር ማስተላለፍ፣ መንጋውን ማጠናከርና አሮጌውን እንጀራ መቀየር ነው።

መንጋ በሚበዛበት በአደይ አበባ ወቅት ከዛፍ ላይ የተያዘ ወይም ከገበያ የተገዛ አዲስ መንጋ ቤት ይገባል። ይህን መንጋ በቀጥታ ከነባሮቹ ጎን ማስቀመጥ ያጓጓል። ራቅ ብሎ ለብቻው መቆየት አለበት፤ የተሠራበት ቢላዋና መሮም ሳይታጠብ ወደ ሌላ ቀፎ መሄድ የለበትም። በገባ በማግስቱ እጭ ገና የለውምና፣ ቫሮዋ ቢኖር እንኳ የሚደበቅበት ክፍል አላገኘም፤ ሁሉም ንቧ ላይ ነው። ንግሥቲቱ እንቁላል ጥላ የመጀመሪያው እጭ እስኪደፈን ዘጠኝ ቀን ያህል ይፈጃል። ብርጭቆ ዕቃውንና የተፈጨውን ስኳር ይዞ መንጋውን ለመመርመር የሚመቸው በእነዚህ ቀናት ውስጥ ነው።