ከምጥ ቀድሞ የሚገባበት ቤት

በጉራጌ ዞን፣ ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ፣ አጣጥ ሆስፒታል ይገኛል። በግቢው ውስጥ የመውለጃ ጊዜያቸው የተቃረበ ነፍሰ ጡሮች የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ አለ። ሴቶቹ ምጥ ሳይመጣ ቀድመው ይገባሉ፤ ቀናቸው እስኪደርስ ይቆያሉ። ምጡ ሲጀምር አዋላጇም ሐኪሙም ቅርብ ናቸው።

ሆስፒታሉን እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋሙት የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች የተባለው የካቶሊክ ማኅበር መነኮሳት ናቸው። ሆስፒታሉ በግቢው ሳይወሰን ምንጭ በማጎልበት፣ በክትባትና በጤና ትምህርት ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሲሠራ ኖሯል። ማቆያው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በዚያ ዘመን ምጥ የጠናባት የገጠር ሴት ሐኪም ቤት የምትደርሰው በሰው ትከሻ፣ በቃሬዛ ነበር።

የጤና ባለሙያዎች እናቶችን ለሞት የሚዳርጉ ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ። አንደኛው ወደ ሕክምና ለመሄድ ቤተሰብ እስኪወስን የሚባክነው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው መንገድ ላይ የሚያልፈው፤ ሦስተኛው ጤና ተቋም ከተደረሰ በኋላ ተገቢው እርዳታ እስኪገኝ ያለው። ማቆያው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አስቀድሞ ይጨርሳቸዋል። ምክክሩም ጉዞውም ሴቲቱ ጤነኛ ሳለች፣ በቀን ብርሃን ያልቃል።

ማቆያ የሚያስፈልገው በተለይ ስጋት ላለባት እናት ነው። ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት የማኅፀኗ ጠባሳ በምጥ ጊዜ ሊተረተር ይችላል። መንታ ያረገዘች፣ ፅንሱ በአግድም የተኛባት፣ የፊስቱላ ጥገና የተደረገላት፣ ወይም ቤቷ ከጤና ተቋም እጅግ የራቀ እናትም እንዲሁ። ይህ ሁሉ የሚታወቀው በእርግዝና ክትትል ስለሆነ፣ ክትትል ያላደረገች ሴት የማቆያው በር ቢከፈትላትም ሳታውቀው ትቀራለች።

ኑሮው ቀላል ነው። ስንቅ ከቤት ይመጣል፤ እናቶቹ ወይም አብረዋቸው የመጡ ዘመዶች ያበስላሉ፤ ቡና አብረው ይጠጣሉ። ባለሙያዎች ይከታተሏቸዋል፤ ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ጨቅላ እንክብካቤም ይመክሯቸዋል።

ውጤቱ ተጠንቷል። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በአጣጥ የወለዱ ከ24 ሺህ በላይ እናቶች መዝገብ ተመርምሮ ነበር። በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የእናቶች ሞት መጠን በ100,000 ወሊድ 90 ገደማ ሲሆን፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበር። ሞተው የተወለዱ ሕፃናት በ1,000 ወሊድ በመጀመሪያዎቹ 18 ገደማ፣ በሁለተኞቹ 191 ነበሩ። ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ በቀጥታ ከመጡት ውስጥ ቤታቸው ሲያምጡ ሰንብተው፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የደረሱ ነበሩና። ሆኖም ማቆያው የሚከላከለው ይህንኑ ዘግይቶ መድረስ ነው። በዚያ ላይ ማቆያ የገቡት በስጋታቸው የተመረጡ ነበሩ፤ በቀዶ ሕክምና የወለዱትም በእነሱ በኩል ይበዛሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ከሕክምና ርቆ ለሚኖር ሕዝብ ማቆያ በጤና ተቋም አጠገብ እንዲሠራ ደግፏል። በአገራችንም በርካታ ጤና ጣቢያዎች ማቆያ አላቸው። ግን ቤት መሥራት ብቻውን አይበቃም። ደም፣ ቀዶ ሐኪምና መድኃኒት በአቅራቢያ ከሌለ ሦስተኛው መዘግየት አይነካም። ልጆቿን የሚጠብቅላት፣ ከብቱን የሚያይላት ካላገኘችም እናት ቤቷን ትታ አትወጣም።

ስለዚህ ሥራው የሐኪሞች ብቻ አይደለም። ባል የቤቱን ሸክም ይረከብ፤ አማት ጉዞውን ታበርታታ፤ ጎረቤት ልጆቹን ይያዝ። ለመስቀል አገር ቤት የምትገቡም በአቅራቢያችሁ ያለውን ማቆያ ጎብኙ፤ እህል፣ ብርድ ልብስና ማገዶ የጎደለው ካለ ሙሉለት። በቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ክትትል መጀመሯን ዛሬውኑ ጠይቁ።