ሁለት ዙር ጎማ፣ አራት ዙር ሻፍት

አሥራ ስምንት ፍየል ጭኜ ከአበርገሌ ቆላ ወደ ሰቆጣ ስወጣ ነው ነገሩ ያልጣመኝ። ያን ዳገት ለዓመታት በሦስተኛ ማርሽ ነበር የምወጣው። የዚያን ቀን ግን ግማሽ ላይ ስደርስ ሦስተኛው ከበዳት፤ መኪናዬ ተንቀጠቀጠች፣ ጥቁር ጭስ ለቀቀች። ወደ ሁለተኛ ስመልሳት ደግሞ ሞተሩ ጮኸ እንጂ መንገዱ አልገፋ አለ። በሁለቱ ማርሾች መካከል አንድ ማርሽ የጎደለ ይመስል ነበር። ፍየሎቹ እንኳ ወርደን በእግራችን እንሂድ የሚሉ ይመስሉ ነበር።

መኪናዬ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ናት፤ ማር፣ ፍየልና ሰው ታመላልሳለች። ከሁለት ሳምንት በፊት የኋላ ዲፈረንሻሏ ጥርስ ተሰብሮ፣ ከተበታተነ ሌላ ላንድክሩዘር የወጣ ተገጥሞላት ነበር። የገጠመልኝ መካኒክ “ጋሼ፣ ያው ነው፤ ቤቱም ቡሎኑም ልክክ ብሏል” አለኝ። እውነቱን ነው፣ ልክክ ብሏል። የተለየው ከውስጥ ያለው የጥርስ ቁጥር ነው፤ እሱን ደግሞ መካኒኩም አልቆጠረ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ዲፈረንሻል ማለት ከመኪናው በታች ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ሆዱ ተነፍቶ የሚታየው ብረት ነው። ስሙን ያገኘው ከአንደኛው ሥራው ነው፤ መኪናው ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ረጅም፣ የውስጡ አጭር መንገድ ስለሚሄዱ፣ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ዳገት ላይ የሚያስጨንቀን ግን ሁለተኛው ሥራው ነው። ከካምቢዮ የሚመጣው ሻፍት ጫፉ ላይ ትንሽ ባለጥርስ ብረት አለ፤ እሱ ኮሮና የሚባለውን ትልቁን ክብ ይነዳል፤ ኮሮናው ጎማዎቹን ያዞራል። ትንሹ 9፣ ትልቁ 37 ጥርስ ካለው፣ 37ን ለ9 ስናካፍል 4.11 ይመጣል። ጎማው አንድ ዙር እንዲዞር ሻፍቱ አራት ጊዜ ከትንሽ መዞር አለበት ማለት ነው። ትንሹ 10 ጥርስ ቢኖረው ደግሞ 3.70 ይሆናል። ላንድክሩዘር በሁለቱም ቁጥር ተሠርቶ ያውቃል። የእኔዋ 4.11 ነበረች፤ የተገጠመላት 3.70 ነው። ልዩነቱ አንዲት ጥርስ ናት።

አንዲት ጥርስ ምን ታደርጋለች? ሞተሩ ለካምቢዮው መቶ ጉልበት ሰጠ እንበል። አንደኛ ማርሽ አራት እጥፍ ቢያደርገው 400 ይሆናል። 4.11 ዲፈረንሻል ያንን ወደ 1,644 ያሳድገዋል፤ 3.70 ግን 1,480 ላይ ያቆመዋል። በኩሽኔታና በዘይት የሚባክነውን ለጊዜው እንተወው። ሞተሩ ያው፣ ናፍጣው ያው፣ ሹፌሩ ያው ሆኖ ጎማው ላይ የደረሰው ጉልበት ግን በአንድ አሥረኛ ቀነሰ። በሁሉም ማርሽ እንዲሁ ነው። ዲፈረንሻል ኃይል አይፈጥርም፤ ያለውን በፍጥነት ወይም በጉልበት መንዝሮ ይሰጣል። የዋግ ሰው ዳገት ሲወጣ እርምጃውን የሚያሳጥረው በዚሁ ምክንያት ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ዲፈረንሻል አጭር እርምጃ ነው፤ ዝቅ ያለው ረጅም።

ከተማ ውስጥ ከመብራት ተነስቶ ለሚፈተለክ ወጣትም ሒሳቡ ይኸው ነው፤ በከፍተኛ ቁጥር መኪናው ቶሎ ይነሳል። ግን 11 በመቶ ጉልበት ስለጨመረ ቶሎነቱም 11 በመቶ ይጨምራል ማለት አይደለም። ማርሹ ቶሎ ስለሚያልቅ ቶሎ መቀየር አለበት፤ በእያንዳንዱ ቅያሬ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ጊዜ ይሄዳል። ጠጠር ላይ ከሆነ ደግሞ ትርፉ ጉልበት ጎማ ከማሽከርከር በቀር የሚፈይደው የለም።

እኛ አገር ላይ የዳገቱን ድካም የሚያባብሰው ከፍታው ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል በጭስ ይወጣል። የተከዜ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ 1,140 ሜትር ላይ ነው። ከሐይቁ ዳር ዓሣ ጭኖ ሰቆጣ የሚመጣ ሰው በአንድ ጉዞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል፤ መኪናው እየደከመ በሄደ ቁጥር ዳገቱ ይጠብቀዋል።

ለ3.70 መሟገት ካለብኝ ወደ ቆቦ ሜዳ እወስዳችኋለሁ። ከወልድያ አልፎ ቆቦን አቋርጦ አላማጣ የሚያደርሰው ሜዳ ላይ ረጅም እርምጃ ይጣፍጣል። የእኔ መኪና ጎማ ዙሪያው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ፣ በቀጥታው በአራተኛ ማርሽ፣ በ4.11 ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,190 ጊዜ ይዞራል፤ በ3.70 ወደ 1,970። ጆሮ ያርፋል፣ ናፍጣም ይቆጠባል። አላማጣ ደርሳችሁ ወደ ኮረም የሚያወጣውን የግራ ካሶን ጥምዝምዝ ስትጀምሩ ግን ያተረፋችሁትን ሁሉ ትመልሳላችሁ። አላማጣ 1,500፣ ኮረም 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። እኔ ደግሞ ከሜዳው ይልቅ ዳገቱ የሚበዛብኝ ሰው ነኝ።

ቁልቁለቱን የሚያነሳ ሰው ብዙም አይገጥመኝም፤ እኔን ግን ያስፈራኝ እሱ ነው። በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይይዛታል ብዬ የምለቃት መኪና በረጅሙ ዲፈረንሻል እየተፈተለከች ወረደች። ሞተር መኪናን የሚይዘው በዚያው በጥርሱ ብዜት ነው፤ ብዜቱ ሲቀንስ መያዣውም ይላላል። ፍሬን ደጋግሜ ረግጬ ታች ስደርስ የፍሬኑ ሽታ ነበር የሚቀበለኝ። የፍጥነት ቆጣሪውም ዋሽቶኛል። ቆጣሪው የሚያነበው ከዲፈረንሻል በፊት ያለውን ዙር ስለሆነ፣ 80 ሲለኝ የምሄደው 89 ነበር።

ዋናው ጉድ የመጣው አሸዋ ላይ ነው። አንድ ደረቅ ወንዝ ስሻገር የፊቱን ጎማ አስገባሁ። የፊቱ ዲፈረንሻል አሁንም 4.11 ነው፤ የኋላው 3.70። አራቱም ጎማ ሲያያዝ ሁለቱ ሻፍቶች እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ፤ ስለዚህ የኋላዎቹ ጎማዎች ሲሮጡ የፊቶቹ በአንድ አሥረኛ ይዘገያሉ። አንዱ ሂድ፣ ሌላው ቁም ይላል። አሸዋው ላይ ጎማዎቹ እየተንሸራተቱ ልዩነቱን ዋጡት። ማዶ ድንጋዩ ላይ ስወጣ ግን መኪናዋ እንደታሰረ በቅሎ መዝለል ጀመረች፤ ማርሹን ላውጣ ብል እንጨቱ አልነቃነቅ አለ። ወደኋላ ትንሽ መልሼ ውጥረቱ ሲላላ ነው የወጣልኝ። እዚያው ደረቅ መንገድ ላይ ብገፋበት ኖሮ አንድ ነገር ይሰበር ነበር። አራት ጎማ የሚነዳ መኪና ዲፈረንሻሉ ከተቀየረ የፊቱም የኋላውም አብሮ ይቀየራል፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሰው ወዶ የሚቀይርበትም ጊዜ አለ። የድሮዎቹ ላንድሮቨሮች ዲፈረንሻላቸው 4.7 ነበር፤ ለገደል የተሠሩ ናቸውና ሜዳ ላይ ይጮኻሉ። እንግሊዝ አገር ያሉ አፍቃሪዎቻቸው የሬንጅሮቨሩን 3.54 ይገጥሙላቸዋል፤ አስፋልት ላይ ጸጥ ይላሉ፣ ጎማ ላይ የሚደርሰው ጉልበት ግን በሩብ ይቀንሳል። ለእንግሊዝ ሜዳ ይሁን። ያን መኪና ጭኖ ወደ አምደ ወርቅ ለሚወጣ ሰው ግን ቅጣት ነው።

ዲፈረንሻሉን ሳይነኩ ይህንኑ ስህተት የሚሠሩም አሉ፤ ትልቅ ጎማ ያስገባሉ። የጎማው ቁመት ከ80 ወደ 85 ሳንቲ ሜትር ሲያድግ 4.11 የነበረው 3.87 እንደሆነ ይቆጠራል። መኪናው ሲያምር ዳገቱም ሲረዝም ያያሉ።

እኔ በመጨረሻ 37 እና 9 ጥርስ ያለው ጥንድ አስፈልጌ አስገጠምሁ። ጥንድ ያልሁት ትንሹና ኮሮናው አብረው ተሞርደው ስለሚመጡ ነው፤ አንዱን ከሌላ ቦታ ማምጣት አያዋጣም። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ በመለኪያ ይስተካከላል፤ ጠብቆ ከሆነ ይሞቃል፣ ላልቶ ከሆነ ያንኳኳል። ይህን የሠራልኝ መካኒክ ጥርሱን ቀለም ቀብቶ፣ አዙሮ፣ ቀለሙ የት ጋ እንደለቀቀ እያየ ግማሽ ቀን ፈጀ። አልተቆጣሁም።

በቀደም አንድ ወጣት ሹፌር መጣ። መኪናው ወልድያ መንገድ ላይ ስለዘገየችበት “ጋሼ፣ የፈጣኑን ዲፈረንሻል ላስገባላት?” ይለኛል። የአሁኑ ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አያውቅም። ክሪክ አስመጣሁና አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ አስነሳሁት፤ ሌላው መሬት ረግጦ ይቆይ፣ የፊቶቹ በድንጋይ ይደገፉ፣ ማርሹ ነጻ ይሁን። ሻፍቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግን። አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው ሲዞር ኮሮናው የሚዞረው ግማሹን ብቻ ስለሆነ ጎማውን ሁለት ጊዜ እንዲያዞር ነገርሁት። እሱ ጎማውን ሲያዞር እኔ ከታች ተኝቼ ሻፍቱን ቆጠርሁ።

“አራት… ከትንሽ” አልሁት።

“ነገ የምጭነው የት ነው?” ብሎ ራሱን ጠየቀና፣ “አበርገሌ” ብሎ ራሱ መለሰ። ከዚያ ክሪኩን ማውረድ ጀመረ።