ቶሮንኻ እና ትርንጎ

«ቶሮንኻ» የተባለው የእስፓኝ ቃል ትርንጎን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይመስልም። ቃሉን እስፓኞች ከዐረብ ወስደውታል፤ ዐረቦችም ከፋርስ። ትርንጎም የዚሁ ዘር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1622 ጎርጎራ ላይ ያረፈው እስፓኛዊ ፔድሮ ፓኤዝ ቃሉን ከነፍሬው አምጥቶት ይሆናል ብለን አስቀድመን ገምተን ነበር። (ጎንደር ውስጥ የፋሲልን ግንብ እንኳ ለፖርቱጋሎች የሚሰጥ ሰው አይጠፋምና።) ነገር ግን ድምፁ አይፈቅድም፤ በፓኤዝ ዘመን ያ የእስፓኝ ፊደል እንደ «ሽ» ወይም እንደ «ኽ» ይነበብ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ «ጎ» አይወጣም።

ፍቺያቸው ዛሬ ተለያይቷል። ቶሮንኻ በቀድሞው አነጋገር ክብ የሆነውን የትርንጎ ዐይነት ይጠራ ነበር። አሁን በሜክሲኮ ግሬፕ ፍሩት ማለት ነው፤ ይኸውም ውሃው የበዛ፣ መረር የሚል ፍሬ ነው። በእስፓኝ አገር ግን ይህን ፍሬ በብዛት «ፖሜሎ» ይሉታል፤ የኛን ትርንጎ ደግሞ «ሲድራ»። እንግዲህ በሜክሲኮ መጽሐፍ ላይ ያገኘውን የቶሮንኻ ጭማቂ «የትርንጎ ጭማቂ» ብሎ የሚተረጉም ተማሪ አንባቢውን ያሳስታል። ትርንጎ ጭማቂው ጥቂት ነው፤ የሚበላው ወፍራሙ ነጭ የውስጥ ልጣጩ ነው። መዓዛውም የታወቀ ስለ ሆነ በአገራችን ለሴት ልጅ መጠሪያ ስም ሆኖ ይወጣል።