«ትናንትም አንዱ ለቀቀ»

ማታ የማስተምራቸው የማኔጅመንት ማስተርስ ተማሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሠራተኞች ናቸው። ከቢሮ ወጥተው፣ ታክሲ ተጋፍተው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ይደርሳሉ። አንዳንዶቹ በዕድሜም በኃላፊነትም ይበልጡኛል፤ ለዓመታት ቅርንጫፍ የመሩ ሰው ረቂቃቸውን ይዘው ሲመጡ «እርስዎ» እያልኩ ነው የማርማቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስረክቡበት ወቅት ደግሞ ከሥራቸው ጋር ይጋጫል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ያበቃል፤ ባንኮችም በዚያው ወር ሒሳባቸውን ይዘጋሉ። ስለዚህ አንድ ተማሪ በግንቦት መጨረሻ ምዕራፍ አራትን ሳይዝ ሲመጣ፣ ሰነፈ ብዬ ከመፍረዴ በፊት የት እንደሚሠራ አስባለሁ።

ከእነዚህ ተማሪዎች አንዷ በአንድ የግል ባንክ ዋና ካሸር ነበረች። የመጣችበት ርዕስ «የማበረታቻ ሥርዓት በሠራተኞች የሥራ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ነው። ይህ ርዕስ በየዓመቱ በሁለት ሦስት ተማሪዎች እጅ ይመጣል፤ የሚለወጠው የመሥሪያ ቤቱ ስም ብቻ ነው። ፕሮፖዛሏ ንጹሕ ነበር። የናሙናው ብዛት በያማኔ ቀመር ተሰልቷል፦ 400 ሠራተኛ፣ 5 በመቶ የስሕተት መጠን፣ 200 ሰው። መጠይቁም ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ባስተዋወቀው፣ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» በሚሄደው ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ ተዘጋጅቷል። አጸደቅሁላት። ያን ቀን ያየሁት ኅዳጉን፣ የምንጭ አጠቃቀሷን፣ የሰንጠረዦቹን ቁጥር ነበር። ጥያቄው ከየት እንደመጣ አልጠየቅኋትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አሁንም ይቆጨኛል።

በጥር ውጤቱን ይዛ መጣች። ከ200 መጠይቅ 187ቱ ተመልሰዋል። የሁሉም ጥያቄዎች አማካይ 4 አካባቢ ነው፤ ክሮንባክ አልፋው ደግሞ 0.95። ፊቷ በርቶ ነበር፤ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ ያስተማርናት 0.7 ከተገኘ በቂ እንደሆነ ነው። እኔ ግን ቁጥሩ ከበደኝ። ሊ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው ይህ መለኪያ የሚነግረን መልሶቹ እርስ በርስ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ነው፤ እውነት ስለመሆናቸው የሚለው ነገር የለም። አንዱ ከላይ እስከ ታች 4ን፣ ሌላው ከላይ እስከ ታች 5ን፣ ሦስተኛው 3ን ቢያከብ አልፋው እስከ 1 ድረስ ይወጣል። አንድም ጥያቄ ያነበበ ሰው ሳይኖር ማለት ነው።

ኮምፒውተሩን ዘግተን ወረቀቶቹን ራሳቸውን እንድታመጣልኝ ጠየቅኋት። በሚቀጥለው ቅዳሜ በፌስታል ይዛቸው መጣች፤ አንድ በአንድ ገለጥናቸው። ክቡ በአንድ አምድ ላይ እንደ መሰላል ይወርዳል። አራት፣ አራት፣ አራት። ጥቂቶቹማ ማክበቡም ደክሟቸው አንድ ረጅም መስመር ስበውበታል።

ወረቀቱን ማን አደለ? የየቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጸሐፊ። ማን ሰበሰበ? እሷው፣ የስም ዝርዝር ይዛ፣ የመለሰው ላይ ምልክት እያደረገች። የናሙናው ቀመር ሰዎቹ በዕጣ እንዲመረጡ ይፈልጋል፤ ወረቀቱ ግን የደረሰው ያን ጠዋት በወንበሩ ለተገኘው ነው። «ስም መጻፍ አያስፈልግም» የሚለው ማስታወሻ ከላይ ታትሟል፤ ነገር ግን በአንድ ቅርንጫፍ ውስጥ የማን የእጅ ጽሑፍ የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጥያቄዎቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ሰዎቹ ስለ አለቃቸው የሚያስቡትም የሚያወሩትም በአማርኛ ሆኖ ሳለ። በዚህ ሁሉ ላይ ይሉኝታ አለ። የምታውቃት የሥራ ባልደረባ፣ ለትምህርቷ ብላ ወረቀት ስትልክልህ፣ «አልስማማም» ብሎ መመለስ እሷን ማሳፈር ይመስላል። በእኛ አገር «እስማማለሁ» ብዙ ጊዜ ለጥያቄው የተሰጠ መልስ አይደለም፤ ለጠያቂዋ የተሰጠ ነው። ይህን ሳያውቅ መጠይቅ የሚያሰራጭ ተመራማሪ ጨዋነትን ለክቶ «እርካታ» ብሎ ይጽፋል።

ከሌላ ሕዝብ የተዋሰነው መለኪያም ተመሳሳይ ችግር ያመጣል። የአገልግሎት ጥራት የሚያጠኑ ተማሪዎቼ ፓራሱራማን፣ ዘይታምልና ቤሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙትን ባለ 22 ጥያቄ መለኪያ ይጠቀማሉ። ትልቅ ሥራ ነው፤ የተገነባው ግን በአሜሪካ የባንክ፣ የክሬዲት ካርድና የጥገና ደንበኞች ላይ ነው። ከ22ቱ አንዱም «ሲስተም የለም» ስለሚለው መልስ አይጠይቅም። እኛ ዘንድ ደንበኛን ከምንም በላይ የሚያማርረው ግን እሱ ነው። መለኪያውን ውሰዱ፣ እላቸዋለሁ፤ ከመበተናችሁ በፊት ግን ወረፋ ላይ ግማሽ ቀን ቆማችሁ የሰዉን ሮሮ ስሙ።

ወደ ካሸሯ ልመለስ። ወረቀቶቿን ወደ ፌስታሉ እየመለሰች ሳለ፣ ዓይኗ እንባ እንዳዘለ፣ «ዶክተር፣ ቅዳሜም ተራ ስላለብኝ ልሂድ። ሰው የለንም። ትናንትም አንዱ ለቀቀ» አለችኝ።

ቁጭ በይ አልኳት። ማን ለቀቀ? ለምን? በዚህ ዓመት ስንተኛው ነው? ለሦስት ወር በምዕራፍ አንድ ላይ ስንለፋ ያልሰማሁትን ድምፅ ያኔ ሰማሁ። አዲስ የሚቀጠሩት ካሸሮች ዓመት ሳይሞላቸው እየሄዱ እንደሆነ፣ የሚያሠለጥናቸው እሷ እንደሆነች፣ አንዱን አስተምራ ስትጨርስ ሌላ እንደሚመጣላት ነገረችኝ። ለምን እንደሚሄዱ ታውቂያለሽ? ስላት ዝም አለች። ደመወዙ ነው ይባላል፣ አለች። እሷ ግን እንደዚያ አልመሰላትም።

ጥያቄዋ ይህ ነበር፤ በየቀኑ ይዛው ትውላለች፤ ለማስተርስ የሚበቃ ስላልመሰላት ግን ከቢሮዬ በር ውጭ ትተወዋለች። ብዙ ተማሪዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ እንዲያደርጉም ያስተማርናቸው እኛ ነን።  

ይህንኑ ጥያቄ ይዛ፣ በየካቲት፣ ከለቀቁት ካሸሮች አሥራ አንዱን ፈልጋ አገኘች። ሁለቱ ሌላ ባንክ ገብተዋል፤ አንዱ ስልክ ይሸጣል፤ አንዷ ወልዳ ቤት ውላለች። በአማርኛ፣ ቡና እየጠጡ አወሯት፤ አለቃም ጸሐፊም የለም። ስለ ደመወዝ ያነሱ ነበሩ። ደጋግመው የተናገሩት ግን ስለ ማታ ነው። ባንኩ ለደንበኛ ከተዘጋ በኋላ እያንዳንዱ ካሸር ቆጥሮ ያመዛዝናል። ገንዘብ ከጎደለ ከኪሱ ይከፍላል። መክፈሉ ያማል፤ የበለጠ ያመማቸው ግን ሌሎቹ ሒሳባቸው የገጠመላቸው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሲወጡ ብቻቸውን መቅረታቸው ነበር። አንደኛው መብራቱ በየክፍሉ ሲጠፋ፣ ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀው፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ለአራተኛ ጊዜ የቆጠረበትን ማታ ነግሯታል። ከሚወጡት መካከል እሷም ነበረች። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ተቆረጠ።

ርዕሱ ተለወጠ። መጠይቁ አጠረ፣ በአማርኛ ተጻፈ፤ ከጥያቄዎቹ ጥቂቱን ገልብጠን አቀረብናቸው፣ ሁሉንም 4 ላይ የሚያከብ ሰው ራሱን እንዲቃረን። ወረቀቱ በታሸገ ፖስታ፣ ማንም ምልክት በማያደርግበት ሳጥን ተሰበሰበ። የተመለሰው ከበፊቱ አነሰ። አልፋውም ወደ 0.78 ወረደ፤ እኔ ደስ አለኝ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ከተማሪ ጋር ስገናኝ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አይቀመጥም። ስለ ሥራቸው እናወራለን።

በሰኔ ጽሑፏን መድረክ ላይ ስትከላከል ፈታኙ ስለ ናሙናው ማነስ አጥብቆ ጠየቃት፤ በእርጋታ መለሰች። ከዚያ ምዕራፍ አምስትን ገለጠ። ሌሎች «የባንኩ አመራር ሊያስብበት ይገባል» የሚሉበት ቦታ ላይ እሷ አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፋለች፦ የመጨረሻው ካሸር ሒሳቡ እስኪገጥም ዋና ካሸሩ ከቅርንጫፉ አይወጣም።

«ይህን ማን ይፈጽመዋል?» አላት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ከመጋቢት ጀምሮ አብሬያቸው እያመሸሁ ነው።»

ፈታኙ ብዕሩን አስቀመጠ። ቀጥሎ የጠየቃት ካሸሮቹ ምን እንደሚሏት ነበር።